የዶክተር ረቢዓ አረም

ሚስቴ ረቢዓ አፈር ታጠናለች። ሰው ሥራዋን ሲጠይቀኝ ይህንኑ እነግረዋለሁ፤ ሰውየውም «አፈር ደግሞ ምኑ ይጠናል?» ይለኛል። ምኑ እንደሚጠና ባላውቅም የት የት እንደሚቀመጥ ግን አውቃለሁ። አልጋችን ሥር በከረጢት አፈር አለ። ማጀት ውስጥ በዱቄት ወተት ጣሳ አፈር አለ። ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ቲማቲም ሊቀመጥበት በሚገባው መሳቢያ፣ ቀንና ቦታ የተጻፈበት አፈር አለ። ገንዳ ውሃ ከተማ የትራክተር መለዋወጫና ሚስማር እሸጣለሁ፤ ጎማ ላወጣ መጋዘኔ ስገባ ወለሉ ላይ ሣር ተሰጥቶ አገኛለሁ። «እንዳትረግጠው፣ እየደረቀ ነው» ትለኛለች። በክረምት ከብቱ ሣር ውስጥ ቆሞ በማይታይበት አገር፣ ሣር ላለመርገጥ በጣቴ ጫፍ የምሄድ ነጋዴ እኔ ብቻ ነኝ።

አባቷ ሐጂ አብዱረሕማን የሙጫና የዕጣን ነጋዴ ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። ፋርማሲ እንድትማርላቸው ነበር ምኞታቸው። «ወባ ባለበት አገር መድኃኒት የሚሸጥ ሰው አይቸገርም» ይሉ ነበር። እሷ ግን ጎንደር ሄዳ ዕፅዋት ተማረች፣ ባሕር ዳር ሄዳ አፈር ጨመረችበት፣ ዶክተር ተብላ ተመለሰች። በተመለሰች ሰሞን አንዲት ሴትዮ ጡቷ ያበጠ ፍየል እየጎተተች በራችን ላይ ቆመች። ረቢዓ «እኔ የአፈር ዶክተር ነኝ» ብትላት ሴትዮዋ ቅር ብሏት «አፈሩ ምን ሆነና?» አለች። ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ይሸኛታል። የኔዋ በርጩማ አምጥታ አስቀመጠቻትና አፈሩ ምን እንደሆነ ታስረዳት ጀመር። እስከዚያ ፍየሏ ደጃፍ የተሰጣውን ናሙና ጥርግ አድርጋ በላችው። ጥፋቱ ማታ በኔ ላይ ዞረ፤ ፍየሏን መጠበቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ አሉ።

አፈሩ የሆነው ይህ ነው። ከሽንፋ ወጣ ብሎ፣ አያ ፈንቴ ከሚባሉ የሰሊጥ ገበሬ ማሳ በላይ፣ ትልቅ ካባ አለ፤ መንገድ ሲሠራ ጠጠርና ድንጋይ የወጣበት ጉድጓድ። ዶዘሩ መጀመሪያ ጥቁሩን አፈር ገፎ ወደ ወንዙ ሰደደው፤ ከዚያ ድንጋዩን አወጡ፤ መንገዱ ሲያልቅ ዶዘሩም ተጭኖ ሄደ። መንገዱን እሰየው ብለናል፣ ማን ይጠላል። የተገፈፈው ኮረብታ ግን እንደተገፈፈ ቀረ። ውሃ አይጠጣም፣ ሣር አያበቅልም። ክረምት በመጣ ቁጥር የዘነበበት ሁሉ እንዳለ ቁልቁል ይወርድና መሬቱን እየቦረቦረ ይሄዳል። ቦረቦሩ በሚሄድበት በኩል ደግሞ የእትዬ የዓለምወርቅ ቤት አለ።

እትዬ የዓለምወርቅ ባላቸው ሞቶባቸው፣ ለቀን ሠራተኞች ምግብ እየሠሩ የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ረቢዓ ካባውን ለመጀመሪያ ጊዜ ልታየው ስትሄድ በሞተር ያደረስኳት እኔ ነኝ። የዚያን ዕለት እትዬ የዓለምወርቅ የቤታቸውን አጥር እያፈረሱ፣ ዕቃቸውን እያሰሩ ነበር። ቦረቦሩ ከጓሯቸው ደርሶ ስለነበር ወንድማቸው ዘንድ ሊጠጉ ነው። ረቢዓ ቁልቁለቱን ወጣች፣ ወረደች፣ ድንጋዩን በመዶሻ ነካ ነካ አደረገች፣ ከዚያ መጥታ እጃቸውን ያዘች።

«እትዬ፣ አይነሱ። እኔ እላዩ ላይ ሣር አበቅላለሁ። ሣሩ ውሃውን ይይዘዋል» አለቻቸው።

እኔ ደነገጥኩ። ይህች ሴት ወጡ ጨው በዝቶበታል ለማለት እንኳ «ሳይበዛ አልቀረም» የምትል ናት። ነገ ይዘንባል ወይ ብላችሁ ብትጠይቋት ካለፉት ዓመታት ጋር አወዳድራ፣ ሊዘንብም ላይዘንብም ይችላል ብላ ታሰናብታችኋለች። የዚያን ዕለት ግን «ምናልባት» የሚባል ቃል ከአፏ አልወጣም። እትዬ የዓለምወርቅም አመኗት፤ አጥራቸውን መልሰው አጠሩ።

ሥራው እንዲህ ነው። ድንጋይ የወጣበት መሬት እንዲያገግም ምን ያህል ማገዝ እንደሚያስፈልግ ለማወቅ፣ ከካባው ሥር እስከ እትዬ የዓለምወርቅ ጓሮ ያለውን ቁልቁለት በሦስት መደብ ከፈለችው። አንደኛውን እንዳለ ተወችው፤ ማወዳደሪያ ነው። ሁለተኛውን ጥቁር አፈር አለበሰችው። ሦስተኛውን፣ ትልቁንና ለቤቱ የሚቀርበውን፣ አፈር አልብሳ፣ ፍግና የሰሊጥ ገለባ ቀላቅላ፣ የቆላ ሣር፣ የግራርና የቁርቁራ ዘር በእጇ ዘራችበት። ዙሪያውን በእሾህ አጠረችው። አፈሩን ከማሳቸው ዳር ዝቀው የሰጡን አያ ፈንቴ ናቸው፤ ቸር ሰው ናቸው፣ ይህን ማንም አይክድም። ባዶውን መደብ ባዩ ቁጥር ግን «ይችንስ ምነው ጣልሻት፣ የንጀራ ልጅ ናት?» ይሏት ነበር። ረቢዓ ስለ ማወዳደሪያ ታስረዳቸዋለች፣ በመቶኛ እያሰላች። እሳቸውም በትዕግሥት ሰምተው «ጎበዝ» ይሏታል። አሁን ሳስበው ከዚያ ሁሉ ማብራሪያ የቀራቸው «ጎበዝ» ያሉት ብቻ ነው።

ሁለት ክረምት አለፈ። ሦስተኛው መደብ ላይ ሣሩ ወገብ ደረሰ፣ ግራሮቹ ጉልበት አወጡ። ቦረቦሩም ባለበት ቆመ፤ አንዲት ስንዝር አልተራመደም። በሦስተኛው ዓመት ሐምሌ ላይ ከዞን ደብዳቤ መጣ፤ ካባውን እንደገና ከፍቶ ጠጠር ማውጣት የሚፈልግ ሥራ ተቋራጭ አለ፣ ኮሚቴ ነሐሴ ላይ መጥቶ የዶክተር ረቢዓን ሥራ ያያል፣ የሚያሳምን ነገር ካየ ካባው ይዘጋና መሬቱ በሷ ዘዴ ይለማል፣ ካላየ ይከፈታል። ካባው ተከፈተ ማለት የእትዬ የዓለምወርቅ ቤት አለቀለት ማለት ነው። ረቢዓ እንቅልፍ አጣች፤ እኔም አብሬ አጣሁ፣ የምትተኛው አጠገቤ ነውና።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። ኮሚቴው ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው አያ ፈንቴ ጭቃ በጭቃ ሆነው ሱቄ መጡ። ፊታቸው በርቷል።

«ሙዓዝ፣ ለዶክተሯ ስጦታ ሰጥቻለሁ» አሉኝ።

«ምን ሰጧት አያ ፈንቴ?»

«እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል ሰማሁ። የልጄ መሬት በአረም ተወርሶ እንግዳ ሲያየው ዝም ልበል? ሳሉጎቼን አውጥቼ ጥርግ አድርጌ አሳረምሁላት። ምሳውም ከኔ፣ የቀን ዋጋውም ከኔ።»

ሳሉግ የምንላቸው ከደጋ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች ነው። በእጄ የነበረውን ሚስማር አስቀመጥኩ። «ምኑን ነው ያሳረሙት?»

«መደቦቿን ነዋ» አሉ። ፊቴን አይተው መሰለኝ፣ ሊያጽናኑኝ ጨመሩበት። «አይዞህ፣ ሰሊጡን አልነኩባትም።»

ሰሊጥ? ረቢዓ መቼም ሰሊጥ ዘርታ አታውቅም። በኋላ ነው የገባኝ፤ አፈሩ ከማሳቸው ዳር የተዛቀ ስለሆነ የረገፈ ሰሊጥ ነበረበት፤ በየዓመቱ ሣሩ መሀል አንዳንድ እግር ይወጣል፣ ዘሩንም እዚያው ያረግፋል። የሰሊጥ አገር ሰው ዓይን ደግሞ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚያየው፤ ሰሊጥና አረም።

ለረቢዓ ነገርኳት። አልጮኸችም። ሞተሩ ላይ ተቀመጠችና ወደ ሽንፋ ሄድን።

የእሾህ አጥሩ በክብር ተከፍቶ በክብር ተዘግቷል። ውስጡን አየሁት። ወገብ የደረሰው ሣር የለም። መሬቱ በመጥረጊያ የተጠረገ ግቢ መስሏል። በዚያ ሁሉ ጥቁር አፈር መሀል፣ እዚህ አንድ እዚያ አንድ፣ አበባ ያወጣ ሰሊጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ሊያስመርቁ ዳር ላይ ተሰልፈዋል። አለቃቸው፣ ካቦው አንዱአምላክ፣ ከጎጃም የመጣ ረጅም ጎልማሳ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ሰላም አለን።

እኔ ጮህኩ። ሦስት ዓመት አልኩ፣ ፍየል አልኩ፣ መጋዘኔ አልኩ፣ ማቀዝቀዣ ሁሉ ሳልል አልቀረሁም። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱአምላክ ወደ ረቢዓ ዞረ።

«እትዬ፣ ያጠፋነው ነገር አለ? ያልታረመ ቀርቶ እንደሁ አሁኑኑ እንመለስበታለን።»

«አልቀረም። እንዲህ ያለ ንጹሕ አረማ አይቼ አላውቅም» አለችና መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ግራሮቹስ?»

«እሾህ ነው እኮ እትዬ። ማሳ ላይ እሾህ ይተዋል እንዴ?»

አያ ፈንቴ ነገሩ ሊዋጥላቸው አልቻለም። «ለአረም ነው እንዲህ የምትሆኑት? ደግ ባደረግሁ!»

«ዘርቼው ነው አያ ፈንቴ» አለቻቸው። «በእጄ ነው የዘራሁት።»

«ኧረ አረም የሚዘራ ሰው የት አገር ነው ያለ?» አሉ ሽማግሌው፣ እያናደዷት ሳይሆን ከልባቸው እየጠየቁ። ያናደደኝም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር። ከኪሳቸው አውጥተው፣ ለሚስቴ ክብር ብለው፣ ሦስት ዓመቷን ከሥሩ ነቀሉት። ምን ተብሎ ይሰደባል?

ረቢዓ ከተቀመጠችበት ቀና ስትል ዓይኗ ከመደቦቹ ራስጌ ላይ ቀረ። እዚያ የተነቀለው ሣር ተከምሯል።

«አንዱአምላክ፣ ይህ ክምር ከሁሉም መደብ የተሰበሰበ ነው ወይስ የየመደቡ ለየብቻው ነው?»

«ለየብቻው ነዋ እትዬ። እኛ አረም ስንነቅል በየደንበሩ ራስ ነው የምንከምር። ባለማሳው የሠራነውን ያየዋል፣ በቀን ዋጋ አይከራከረንም።»

«ሥሩን ወደ ላይ ያደረጋችሁትስ?»

«በዝናብ መልሶ እንዳይተክል። ሥሩን ፀሐይ ካልመታው አረም አይሞትም።»

ተነሣች። ባዶው መደብ ራስጌ ላይ ያለው ክምር አንድ ቆብ አይሞላም። የሁለተኛው ጉልበት ይደርሳል። የሦስተኛው ክምር አንዱአምላክን ራሱን ይጋርደዋል። ከትልቁ አንድ እግር ሣር መዝዛ አነሳች። ሥሩ ክንድ ያህል ወርዷል፤ በየጫፉ የካባውን ነጭ ጠጠር ጨምድዶ ይዟል። አገላብጣ አየችው፣ አሸተተችው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ሙዓዝ፣ የሚስማሩን ሚዛን አምጣልኝ።»

የሚስማሩ ሚዛን ያለው ገንዳ ውሃ ነው። መንገዱ ጭቃ ነው። ሰማዩ ጠቁሯል። ይህን ሁሉ ልነግራት አፌን ስከፍት አያ ፈንቴ «ምን ትጠብቃለህ፣ ልጅቱ ሚዛን አለችህ እኮ» አሉኝ። እሳቸው! ደሜ ፈላ። ሄጄ አመጣሁላት።

ያን ቀንና ማግስቱን ሲመዝኑ ዋሉ። ረቢዓ ትለያለች፣ አንዱአምላክ ይመዝናል፣ አያ ፈንቴ ጥፋታቸው ገብቷቸው ነው መሰለኝ ሥሩን በውሃ ያጥባሉ። እኔ ሚስማር የምሸጥበት ሚዛን ላይ አረም ሲመዘን ቆሜ አያለሁ። ወገብ ድረስ ሲያድግ ከላይ ብቻ ነበር የምትለካው፤ ሥሩ ምን ያህል እንደወረደ ለማየት ነቅላው አታውቅም፣ ነቅላው ቤቱን ምን ይይዝላታል? ሳሉጎቹ ነቀሉላት። የተነቀለውን ምርጫ ስላልነበራት ከገለባ ጋር መልሳ መሬቱ ላይ አለበሰችው፤ ጥቂት ብቻ ለኮሚቴው አስቀረች።

ኮሚቴው መጣ። ሰብሳቢው ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካ የሚጠነቀቅ ሰውዬ ነው። አጥሩ ውስጥ ገብቶ ዙሪያውን ሲያይ ዓይኑ ያረፈው የት መሰላችሁ? ሰሊጡ ላይ።

«ዶክተር! ካባ ላይ ሰሊጥ? ይህማ ትልቅ ዜና ነው።» ስልኩን አውጥቶ ከሰሊጡ ጋር ፎቶ ተነሣ።

እኔ በሆዴ፣ ዝም በይ ረቢዓ፣ አልኩ። ሰውየው ወዶታል፣ ካባው ይዘጋል፣ ኸላስ፣ አለቀ። ለአንዴ እንኳ ዝም በይ።

«ሰሊጡ የኔ ሥራ አይደለም» አለች። «በስህተት የገባ ነው። እዚህ ሰሊጥ ከተዘራ መሬቱ በየዓመቱ ይታረሳል፣ በታረሰ ቁጥር ታጥቦ ይሄዳል።» ጎንበስ ብላ አንዱን ሰሊጥ ሳበችው፤ ያለ ትግል ወጣላት። ከዚያ ያስቀረችውን የሣር እግር እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «የኔ ሥራ ይህ ነው። እስቲ አንዷን ጠጠር ያላቅቋት።»

ሰብሳቢው ለጨዋታ ያህል ሞከረ። አልወጣ አለችው። መነጽሩን አውልቆ በሁለት እጁ ሞከረ። ሌሎቹ ተሰበሰቡ፣ ሁሉም ተቀባበሉት፣ ከተማሪ የማይሻሉ ሰዎች። የባዶውን መደብ ቆብ የማይሞላ ጭራሮ አሳየቻቸው፣ የሚዛኑን ልክ ነገረቻቸው። እዚያው ቆመው ተስማሙ፤ ካባው አይከፈትም፣ ዝናቡ ሲያባራ በበጋ መሬቱ አፈር ይለብሳል፣ ከእንግዲህም ካባ የሚከፍት ሁሉ ጥቁሩን አፈር ለብቻው አስቀምጦ መልሶ ያለብሳል። ቃለ ጉባኤ ተፈረመ። አያ ፈንቴ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው፤ «ታዲያ አሳረምሁልሽ አይደል?» ብለው በክርናቸው ጎሸም ሲያደርጓት ላንቃቸው ተነሣሁ፤ ግን ሽማግሌ ናቸው።

እኔ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። መኪኖቹ ሲሄዱ እሷን ብፈልጋት የለችም። የእትዬ የዓለምወርቅ ደጃፍ ላይ አገኘኋት። ሴትዮዋ ለእንግዶቹ ያቀረቡትን ሳህን እየሰበሰቡ ነው፤ ረቢዓ ግን የምታየው ቁልቁለቱን ነው። በገለባና በደረቀ ሣር ያለበስነው መሬት ባለፈው ሌሊት ካፊያ ብቻ እዚህም እዚያም ተገልጧል። ከካባው የሚወርደው ጎርፍ ደግሞ ገለባን ጠርጎ ነው የሚሄደው።

«እትዬ የዓለምወርቅ፣ ቤቱን እናንሣው» አለች።

«ተሳካ ሲሉ ሰማሁ እኮ።»

«ተሳክቷል። የሚሠሩት ግን በበጋ ነው። አሁን ነሐሴ ነው፣ ሥሩም ተነቅሏል።»

እትዬ የዓለምወርቅ ሳህኑን አስቀመጡ። «ሣሩ ይይዘዋል ብለሽኝ ነበር።»

«ብዬዎታለሁ።»

«ይዞትም ነበር።»

«አዎ።»

አያ ፈንቴ ከኋላዬ ደርሰው ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው ሊሉ ጀመሩና ሴትዮዋ በእጃቸው ዝም አሰኟቸው። አንዱአምላክና ሰዎቹ ምን እንደተባለ ሳይነገራቸው ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ መኮትኮቻቸውን አስቀምጠው ጎጆዋን ከበቡ፤ በኛ አገር ጣሪያ እንዳለ ተነሥቶ በሰው ትከሻ ይሄዳል። ማን ላይ ልናደድ? ሁሉም ደግ አደረገ፣ ሁሉም እውነቱን ተናገረ፣ ቤቱ ግን ይነሣል። ማልቀስ አማረኝ።

እትዬ የዓለምወርቅ ረቢዓን ትክ ብለው አዩዋት።

«አይነሱ አልሽኝ፣ ቀረሁ። አሁን ደግሞ ይነሱ ስትይኝ እነሣለሁ» አሉ። «በጋ ላይ ግን ይመለሱ እንዳትይኝ።»

«እሺ» አለች ረቢዓ። ከሰዎቹ መሀል ገብታ የጣሪያውን አንድ ወጋግራ ያዘች።